ጡሩምባው ተነፋ፤ ለቅሶው የት ነው?

ሳንጃ ካለ ቢሮ ፋይል ቢጠፋ ጥፋቱ የሳንጃ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሌላ ከተማ የተቀመጠ ፕሮግራመር «ይሄ ቴስት አንዱ ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ ዝለለው» ያለ ቀን የጀመረ ጥፋት ነው።

በምሳሌ እንየው። ሳንጃ፣ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። እዚያ አንድ ቢሮ የባለጉዳዮችን ሰነድ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ያስቀምጣል እንበል። አንድ ፕሮግራም ደግሞ አዲስ ፋይል በገባ ቁጥር ጎንደር ወዳለ የሊነክስ ሰርቨር ይገለብጣል። ፕሮግራሙ ፎልደሩን ደጋግሞ አይፈትሽም፤ ኮምፒውተሩን «ለውጥ ሲኖር ንገረኝ» ብሎ ይጠብቃል።

ችግሩ ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ነጋሪ አለመሆኑ ነው። የሊነክሱ ኢኖቲፋይ ለውጡን በየፋይሉ ስም ይናገራል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ንዑስ ፎልደር ለየብቻ ጠባቂ ካልቆመለት የውስጡን አያውቅም። በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ ሌላ ኮምፒውተር ያደረገውንም አይናገርም። ማክ ተከታታይ ለውጦችን አጠቃሎ በአንድ መልእክት ሊያመጣ ይችላል። ዊንዶውስ የንዑስ ፎልደሮቹንም ጨምሮ ይነግራል፤ ለውጡ በዝቶ ማጠራቀሚያው ከሞላ ግን ዝርዝሩን ይጥልና «ራስህ ገብተህ እይ» የሚል ምልክት ብቻ ይሰጣል።

ስለዚህ «አንድ ፋይል ስጽፍ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ልክ አንድ መልእክት ይምጣ» የሚል ቴስት አንዱ ላይ ያልፋል፣ ሌላው ላይ ይወድቃል። ያኔ አንዳንዱ «ሁለት ሰከንድ ጠብቅ» የሚል መስመር ይጨምራል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይዘለዋል። ሁለቱም ትኩሳቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን እንደ መስበር ነው።

የዕድር ጡሩምባ የሰማ ሰው ለቅሶው የማን ቤት እንደሆነ ጠይቆ ይሄዳል። ጡሩምባው የሚለው «ነገር አለ፣ ተነሱ» ነው፤ የቀረውን ማጣራት የሰሚው ፋንታ ነው። ደህና ፕሮግራምም እንዲሁ መልእክት ሲደርሰው ፎልደሩን ገብቶ ያያል፤ መልእክት ቀርቶበት እንደሆነም በየተወሰነ ጊዜው ራሱ ይቆጥራል። ደህና ቴስትም የመልእክቱን ብዛት ሳይሆን መጨረሻውን ይጠይቃል፦ ፋይሉ በተባለው ጊዜ ውስጥ በትክክል ደረሰ ወይስ አልደረሰም?

የእኛን አገር የሚመለከት ሌላ ወጥመድም አለ። ዊንዶውስ የአንድን ፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። በተለመዱት የሊነክስ የፋይል ስርዓቶች ግን ገደቡ 255 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከ85 ፊደል በላይ አይገባም። የቢሮዎቻችንን የደብዳቤ ርዕስ ርዝመት የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ይገምታል። ሳንጃ ላይ በሰላም የተቀመጠው ፋይል ጎንደር ሲደርስ ሰርቨሩ «ስሙ ረዘመ» ብሎ ይመልሰዋል። ፋይሉ ስላልተፈጠረ መልእክትም አይኖርም። ቴስት አድራጊው «መልእክቱ ጠፋ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ነጋሪውን ይመረምራል፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ግን «ፋይሉ ራሱ አለ ወይ?» ብሎ ነበር። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ የሚሞክር ቡድን ይህን ስህተት መቼም አያገኘውም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ሁሉም ያወራው ስለ ቁጥሩ ነበር። ኮድ መጻፍ የሚችል ወጣት መብዛቱ መልካም ነው። ሆኖም አገልግሎት ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ባለበት አገር፣ የወደቀን ቴስት «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልገናል። በአማርኛ ስም፣ በአሮጌ ዊንዶውስ፣ በተጋራ ፎልደር ላይ የሚሞክር ባለሙያ።

አለበለዚያ ኪሳራው የሚወድቀው ቴስቱን በዘለለው ላይ አይደለም። «ሰነድዎ ሲስተሙ ላይ የለም» ተብለው ከመስኮቱ በሚመለሱት ባለጉዳይ ላይ ነው።