የማኅበሩ ደብተር

በአትላንታ ምዕራብ፣ ከቫይን ሲቲ መንደር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ ታላቅ ስታዲየም ይገኛል። ለሥራው ከሆቴሎች ቀረጥ በሚከፈል ቦንድ 200 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ገብቶበታል። በ2013 በተደረገው ስምምነት መሠረት ለአጎራባች መንደሮች ልማት 15 ሚሊዮን ዶላር ከከተማው የልማት ድርጅት፣ ሌላ 15 ሚሊዮን ከእግር ኳሱ ቡድን ባለቤት ከአርተር ብላንክ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ተመደበ። ቦታው ይለቀቅ ዘንድ ፍሬንድሺፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን 19.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ፈረሰ። ስፔልማን ኮሌጅ በ1881 በ11 ተማሪዎች የተጀመረው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር።

በዚሁ አካባቢ ለልጆች የማታ ጥናት የሚያዘጋጁ አንዲት አረጋዊት ለአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ቅጹ በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ፣ ከቀረጥ ነጻ የመሆን ምስክር ወረቀት፣ በቁጥር የሚገለጽ ውጤትም ይጠይቃል። እሳቸው ያላቸው አንድ የተማሪ ደብተር ነው፤ ማን ዳቦ እንዳመጣ፣ ማን ለመኪናው ቤንዚን እንደገዛ፣ የትኛው ልጅ ታሞ እንደቀረ ተጽፎበታል። ስገልጠው የአክስቴ የእድር መዝገብ በዓይኔ መጣ።

እኔ ግን፣ ተምሬያለሁ ባዩ፣ የደብተሩን ቃል ትቼ የሰጪዎቹን ቃል ጻፍሁ። ልጆቹንም «ለአደጋ የተጋለጡ» አልኋቸው። ሳነብላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ልጆቹ እንዳያዩት» አሉኝ። ገንዘቡ ተገኘ፤ ለአንድ ዓመትም በቃ። እኔን ግን ኀፍረቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በከንቲባ ሜይናርድ ጃክሰን ዘመን፣ በ1974፣ ከተማይቱ የሰፈር ዕቅድ ጉባኤዎችን አቋቁማለች፤ ዛሬ 25 ናቸው። ነዋሪው ይናገርባቸዋል፣ ድምፅም ይሰጥባቸዋል፤ ድምፁ ግን ከምክር አያልፍም። እድርም ቢሆን (እውነቱን ለመናገር) መንገድ አያነጥፍም፣ የውሃ ቧንቧ አይዘረጋም፤ ትልቅ ሥራ ትልቅ ገንዘብ ይሻል። የሚያከራክረው ደብተሩ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 አዲስ አበባ ላይ «ገበታ ለሸገር» በተባለው እራት የአንዱ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ለወንዞች ዳርቻ ማስዋቢያ ማለት ነው። በወንዞቹ ዳር የሚኖረው ሰው በዚያ ማዕድ ምን ወንበር ይኖረዋል? ይህን የምጠይቀው ለቀና ሐሳብ ዋጋ ነፍጌ አይደለም፤ እኛ በስደት ያለን ተማሪዎች ነገ ከሰጪና ከተቀባይ መካከል ቆመን ቅጽ የምንሞላ ስለሆንን ነው።

የአክስቴ ሰፈር ፈርሷል፤ የእድሩ አባላትም በከተማው ዳርቻ ተበትነዋል። ባለፈው ደውዬላቸው ስለ እድሩ ጠየቅኋቸው።

«ድንኳኑ ማስቀመጫ አጥቶ በሰው ግቢ ተቀምጧል» አሉኝ። «መዋጮውን ግን በየወሩ ሁለት ታክሲ ቀይሬ እወስዳለሁ።»

መዋጮው 50 ብር ነው። የታክሲው አይበልጥም ወይ ብላቸው ሳቁ፤ ከዚያም ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ።