ሐበሻ የሚል ሳጥን



በመድረሳ የቢላልን ታሪክ ስንሰማ ልባችን ይሞቅ ነበር። ሐበሻዊ፣ የኛ ሰው፣ የመጀመሪያው ሙአዚን። አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ጥቁረት ሲያነውረው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጃሂሊያ እንዳለበት የነገሩትን ግን ብዙዎቻችን የሰማነው ዘግይተን ነው።

ሰሞኑን በዶርም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የዲናው መንግስቱ መጽሐፍ ይህንኑ ወሬ አስነሣ። ዲናው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ያደገው ኢሊኖይ፣ ፒዮሪያ ነው። (የሜካኒካል ልጆች፣ ካተርፒላር ለረጅም ዘመን ዋና መሥሪያ ቤቱ የነበረባት ከተማ ናት።) ጋዜጠኛ ሆኖ ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከዳርፉር ዘግቧል፤ በ2012 የማካርተር ሽልማት አግኝቷል፤ በባርድ ኮሌጅም ፕሮፌሰር ነው።

በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ሴፋ እስጢፋኖስ ስለተባለ፣ ከአብዮቱ ሸሽቶ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስለከፈተ ሰው ነው። ሰፈሩ የድሃ ጥቁሮች ነው። አንዲት ነጭ ምሁር ክልስ ልጇን ይዛ ጎረቤቱ ትሆናለች፤ ትልቅ ቤትም ታሳድሳለች። ነባሮቹ ከየቤታቸው መውጣት ሲጀምሩ ቁጣው ወደ እሷ ይዞራል። ሴፋ ቆዳው ከነባሮቹ ጋር ነው፣ ልቡ ከሴትዮዋና ከልጅቷ ጋር፤ የትኛውም ወገን ግን የራሱ አያደርገውም። እኛን የያዘን ይሄ ነው። አገሩ ሳለ ጥቁር ነኝ ብሎ ማሰብ ያላስፈለገው ሰው፣ እዚያ ሲደርስ ሌላው ሰው ይወስንለታል።

ስለ ዳርፉርም ብዙ ተከራከርን። ገዳዩም ተገዳዩም ሙስሊም ነበር፤ መልካቸውም ለውጭ ሰው ብዙ አይለይም። «ዐረብ» እና «ዙርቃ» የሚሉት ስሞች ግን ሰው ለይተው መንደር አቃጥለዋል።

ዳርፉር ሩቅ ነው የሚል ካለ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ታክሲ ይሳፈር። የአሶሳ ወንድማችንን ረዳቱ ሒሳብ የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው። እሱ በጠራ አማርኛ ሲመልስ ታክሲው ይስቃል። ይሄስ ቀላሉ ነው። በዶርም የሚሰጠው ስም ይከፋል፤ እዚህ አንጽፈውም። «ቀልድ ነው» እያሉ የሚጠሩት ደግሞ ሱብሒን በአንድ ሰፍ አብረውት የሚሰግዱ ናቸው።

ዘንድሮ ለውጭ የትምህርት ዕድል የምታመለክቱ አላችሁ። የአሜሪካ ቅጽ ዘር ሲጠይቅ ሐበሻ የሚል ሳጥን የለውም። የአሶሳውም የደሴውም ልጅ ምልክት የሚያደርገው «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ላይ ነው።

መጽሐፉን ማንበብ የምትፈልጉ ከዐስር ሶላት በኋላ ጠይቁን። ሦስት ሰው ተሰልፏል።