በናታንያ ከተማ የቀረበልን ቂጣ

በ2009 ዓመተ ምሕረት የእኛ ሕማማትና የአይሁድ ፋሲካ በአንድ ሳምንት ገጥመው ነበርና፣ ለመሳለም ወደ ኢየሩሳሌም በሄድንበት ጊዜ አንድ የቤተ እስራኤል ወዳጃችን የበዓሉን ማዕድ በእናቱ ቤት እንድንካፈል ጠራን። ሚያዝያ 2 ቀን ሰኞ፣ አውቶቡሶቹ ስለ በዓሉ ሥራ ከማቆማቸው አስቀድመን ተሳፍረን፣ ከቴል አቪቭ በስተሰሜን በባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ወደ ናታንያ ከተማ ደረስን። በመንገዳችን በገባንበት ሱቅ የዳቦው መደርደሪያ በወረቀት ተሸፍኖ አየን፤ በበዓሉ ሰባት ቀን እርሾ ያለበት እህል ለአይሁድ የተከለከለ ነውና።

የቤቱ እመቤት የጎንደር ተወላጅ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ወይዘሮ ናቸው። በ1977 ዓመተ ምሕረት በሱዳን በኩል ሲሰደዱ አንዲት ሴት ልጃቸውን በመንገድ ቀብረዋል። በዚያ የስደት ጉዞ ያለቀው ሰው ወደ 4 ሺህ ይገመታል።

በገበታው ላይ በመኪና የተጋገረ፣ ከሱቅ የተገዛ ማጻ ነበረ፤ በአጠገቡም ወይዘሮዋ በእጃቸው የጋገሩት ቂጣ ተቀምጧል። በአይሁድ ሕግ ዱቄቱ ውኃ ከነካው በኋላ በ18 ደቂቃ ውስጥ ተጋግሮ ማለቅ ይገባዋል። «በአገራችን ሰዓት አልነበረንም፤ ሳይቦካ ለማድረስ እንጣደፍ ነበር እንጂ» አሉን። የባርነቱ ምሳሌ የሆነው መራራ ቅጠል፣ የእንባ ምሳሌ የሆነው የጨው ውኃ፣ እንደ ጡብ ጭቃ ሆኖ ከተምርና ከለውዝ የተለወሰው ሐሮሴት፣ የበግ አጥንትና እንቁላልም በየቦታቸው ነበሩ።

እኛ እስኪመሽ እህል አልቀመስንም ነበር። ሥጋውና እንቁላሉ እንዳያሳፍረን ስንጨነቅ ወይዘሮዋ ዐወቁብንና፣ «ጾማችሁን መች ረሳሁት? ቂጣው ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፤ ብሉ ልጆቼ» ብለው ቈርሰው ሰጡን። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «በአገር ቤት ሳለን በአንድ ገበያ እንገበያይ ነበር እንጂ በአንድ ገበታ አንቀርብም ነበር። እኛ ስለ መንጻት ሕጋችን እንርቃችሁ ነበር፤ እናንተም ቡዳ እያላችሁ ትሸሹን ነበር።»

ነገሩ እውነት ነበርና አንገታችንን ደፋን። ቂጣውን በአፋችን ይዘን ለመዋጥ ተቸገርን። እርሳቸው ግን፣ «ይህን ያልሁት ላሳፍራችሁ አይደለም፤ እናቴ ዛሬ ብታየን ምን ትል ይሆን ብዬ ነው» አሉና ሳቁ፤ እኛም ከእርሳቸው ጋር ሳቅን።

ከዚህ በኋላ ትንሹ የልጅ ልጃቸው እንደ ሥርዓቱ ይህች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች ለምን እንደተለየች ጠየቀ። የቀሩት የግብፅን ታሪክ ከመጽሐፍ ሲያነቡ፣ አያቱ ግን በአማርኛ የራሳቸውን መንገድ ነገሩት፤ የሱዳንን በረሃ፣ የሌሊቱን ጉዞ፣ የልጃቸውንም መቃብር። ብላቴናው የአክስቱን ስም ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ያን ጊዜ በማዕዱ ዙሪያ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ምሽት አውቶቡስ መሄድ ሲጀምር፣ ወይዘሮዋ የተረፈውን ቂጣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ሰጥተውን ተመለስን። በጸሎተ ሐሙስ ከአገራችን ምእመናን ጋር ስግደቱን ፈጽመን ለጉልባን ተቀመጥን። ይህ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ አባቶች እንደሚያስተምሩን፣ እስራኤል ከግብፅ በችኰላ ሲወጡ ንፍሮ ቀቅለው፣ ያልቦካ ቂጣም ጋግረው መብላታቸውን የሚያሳስብ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንበላው ኖረናል፤ ነገር ግን ይህንኑ መታሰቢያ በጎረቤት ሆነው ያከብሩ የነበሩትን ሰዎች ማዕድ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ከናታንያ የመጣውን ቂጣ ፈትተን ከጉልባኑ ጋር ለሁሉም አካፈልን።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ በመጪው ጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ ሲቀርብ፣ ልጆቻችሁ «ይህ ለምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ፍቀዱላቸው። ስትመልሱላቸውም የሩቁን የግብፅን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የቅርቡን የጎረቤታችንንም ነገር አትደብቋቸው።