ሁለተኛው እጅጌ

አንባቢ ሆይ፤ ሥራ ሲጀመር እጅግ ደስ ይላል። አዲስ የሹራብ ክር የገዛ ሰው ያን ዕለት ማታ ራቱን እንኳ በወጉ አይበላም። ልቃቂቱን ያገላብጣል፣ ቀለሙን ወደ መብራት አስጠግቶ ያያል፣ ሹራቡ አልቆ የሚለብሰው ሰው ሲመርቀው በሐሳቡ ይሰማዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያ ክር ከነመርፌው ከወንበር ሥር ተጥሎ ይገኛል። ይህን ያዩ ሰዎች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ ሌሎችም ነገሩን አሳጥረው «ስንፍና ነው» ብለው ይፈርዱበታል።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ሰነፍ ሰው ከመጀመሪያውም መርፌ አያነሣም። የጀመረውን የተወ ሰው ትጉህ ነበረ፤ በመካከል ግን አንድ ነገር መጥቶ ትጋቱን ወሰደበት። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ልመረምር አስቤአለሁ።

እኔ በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሱፍ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጕር ባናውንና በርኖሱን ሲያሠራ ኖሯል። በሁለት መርፌ የሚሠራው ሹራብ ግን ለእኛ የኋላ እንግዳ ነው። በአገራችን ልማድ ሴቲቱ በእንዝርት ትፈትላለች፣ ሸማውን የሚሠራው ወንዱ ነው። እናቴ ሹራብና ኪሮሽ የተማረችው በልጅነቷ «የእጅ ሥራ» በሚባለው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ እኔም ከእርሷ ተማርሁ። ጥበቡ በዓለም ላይ ግን ዕድሜ ጠገብ ነው። በግብፅ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ በነጭና በሰማያዊ የጥጥ ክር የተሠሩ ካልሲዎች ተገኝተዋል።

ሹራብ ሠርተው ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ክሩ በመርፌ እየተሳበ ትንሽ ቀለበት ይሆናል፤ ይህን ቀለበት እኛ ዐይን እንለዋለን። ዐይኖቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ረድፍ ይሆናሉ፤ ረድፍ በረድፍ ላይ ሲሠራ ደግሞ ጨርቅ ይሆናል። ክሩን ከፊት ወይም ከኋላ ስቦ ከማውጣት በስተቀር እጅ የሚማረው ዋና ነገር የለም። የቀረው ትዕግሥት ነው።

አሁን ትዕግሥቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር እንየው። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት 20 ዐይን፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 28 ረድፍ ይይዛል እንበል። የ8 ዓመት ልጅ የሚለብሰው ሹራብ የፊቱ ክፍል ስፋቱ 36፣ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 72 ዐይን በ112 ረድፍ ማለት ነው፤ ይኸውም 8,064 ዐይን ይሆናል። ጀርባውም ያንኑ ያህል ነው። እያንዳንዱ እጅጌ በአማካይ 50 ዐይን በ84 ረድፍ ቢኖረው 4,200 ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 24,528 ዐይን ነው። ለመዝናኛ ያህል የሚሠራ ሰው በደቂቃ 25 ዐይን ቢሠራ፣ መላው ሹራብ የሚፈልገው 16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በየማታው ግማሽ ሰዓት የሚሠራ ሰው በ33 ቀን ይጨርሰዋል።

እንግዲህ የ33 ቀን ሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳጥን ውስጥ የሚተኛው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት መካከሉ ነው። ለተማሪዎቼ ስለ መቶኛ ሳስተምር ይህንኑ ምሳሌ እሰጣቸዋለሁ። ከአንደኛው ረድፍ በኋላ ሁለተኛው ሲሠራ ሥራው በእጥፍ ያድጋል። ከ10 ረድፍ በኋላ አንድ ሲጨመር ዕድገቱ 10 በመቶ ነው። ከ100 ረድፍ በኋላ አንድ ሲጨመር ግን 1 በመቶ ብቻ ነው። እጅ የሚደክመው ድካም ያው ነው፤ ዐይን የሚያየው ዕድገት ግን እያነሰ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ልብ «ይህ ነገር አያልቅም» ማለት ይጀምራል። የተማሪዎቼም ደብተር ከዚህ አይለይም። በመስከረም የተጻፈው ገጽ በማስመሪያ የተሰመረ፣ አርእስቱ በቀይ የተጻፈ ነው፤ የካቲት ሲደርስ ጽሕፈቱ እንደ ጭራሮ ይበተናል።

ሁለተኛው ምክንያት ሁለተኛው እጅጌ ነው። አንደኛው እጅጌ ሲሠራ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት መጓጓት አለ። ሁለተኛው ግን ትናንት የተሠራውን ዛሬ መድገም ነው፤ የሚታወቅ እንጂ የሚጠበቅ ነገር የለበትም። ካልሲ የሚሠሩ ሰዎችም አንድ እግር ጨርሰው ሁለተኛውን ሳይጀምሩ የሚቀሩት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከፋው ነው፤ እርሱም «ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሹራቤን ስሠራ ያዩኝ አንድ አዛውንት ባልደረባዬ «ልጄ፣ ይህን ያህል ከምትደክሚ ሰልባጅ ተራ ብትወርጂ በዚህ ክር ዋጋ ሁለት ሹራብ ታገኚ የለም ወይ?» አሉኝ። ስሌታቸው ትክክል ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ ልክደው አልችልም። የግማሽ ሌሊቴን ዋጋ ብጨምርበትማ ኪሳራው ይብሳል።

ይህ ጥያቄ ግን ዛሬ የተወለደ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1589 ዓ.ም. ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ካህን ካልሲ የሚሠራ መኪና ፈለሰፈ። ንግሥት ኤልሳቤጥ የባለቤትነት መብት ከለከለችው፤ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩት ድኾች እንጀራቸውን እንዳያጡ አስባ ነው ይባላል። ሰውየው ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻገረ፤ መኪናው ግን እየተሻሻለ ዓለምን ሞላው። ስለዚህ የዋጋው ክርክር ከተጀመረ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያሸነፈውም መኪና ነው። በሁለት መርፌ ከመኪና ጋር የሚሽቀዳደም ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ሹራቡ የማን ነው?

ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ያስተማረኝም ከሞተ በኋላ ነው። እርሱ በሞተ ጊዜ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ ነበር። ፊቱና ጀርባው አልቀዋል፤ አንደኛው እጅጌ አልቋል፤ ሁለተኛው እስከ ክርኑ ድረስ ተሠርቶ፣ መርፌው እንደ ተሰካ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እናቴ ሰነፍ ሴት አይደለችም። ልጅ ስታሳድግ፣ ቤት ስታስተዳድር፣ ሁልጊዜ ሌላ የሚቸኩል ሥራ ይመጣባታል፤ ሹራቡ ግን «የትም አይሄድም» እየተባለ ይቆያል። በእርግጥም ሹራቡ የትም አልሄደም። የሄደው አባቴ ነው።

ሦስት ዓመት ያህል ያን ጥቅል አልነካችውም። አምና በክረምት አንድ ቀን አውጥታ በጉልበቴ ላይ አኖረችና «ክሩ ደኅና ነው፤ ለወንድምሽ አድርጊለት» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ 8 ዓመቱ ነበር። አብረን ተረተርነው፤ እርሷ ትስባለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ሱፍ ከተሠራ ብዙ ጊዜ ከሆነው ሲተረተር የዐይኑን መልክ ይዞ ይጥመለመላል። ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ ከታች ክብደት ታሥሮበት ሲሰቀል ግን ቀጥ ይላል። እናቴ ያን ቀን ምንም አልተናገረችም፤ ወደ ማታ ግን ጥቅልሉን በእጇ መዝና «ለትንሹ ይበቃል፤ ይተርፋልም» አለች።

ልጅ በዚህ ዕድሜ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። በዚህ ክረምት በልኩ የተጀመረ ሹራብ ለከርሞ ከተረፈ የእርሱ ልክ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ የኅዳርን ውርጭ ቀጠሮዬ አደረግሁት። ሰዓቱንም ከራት በኋላ፣ ደብተር ከማረሜ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት አደረግሁ፤ ደብተር ካረሙ በኋላ መርፌ የሚይዝ እጅ አይገኝምና። በየማታው ሥራ ስጀምር በመጀመሪያው ዐይን ላይ ቀይ ክር አሥር ነበር። ሥራዬንም ከሹራቡ ጠርዝ ሳይሆን ከዚያ ቀይ ክር ጀምሬ ስለምለካው፣ የዛሬው አምስት ረድፍ አምስት ረድፍ ሆኖ ይታየኛል። እጅጌዎቹን ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጥንድ መርፌ ላይ ጎን ለጎን፣ በሁለት ልቃቂት ሠራኋቸው። አንድ ረድፍ በግራው፣ አንድ ረድፍ በቀኙ እያልኩ ስሄድ ሁለተኛ እጅጌ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አብረው ተጀምረው በአንድ ማታ አለቁ።

ሥራው የሚያሰለች ቀን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የመካከሉ ሳምንት ለእኔም ረዘመብኝ። በዚያ ሳምንት የያዘኝ ፍላጎት አልነበረም፤ ፍላጎት እንደ ጭድ እሳት ነው፣ ቦግ ብሎ ይጠፋል። የያዘኝ የተወሰነው ሰዓትና በየዕለቱ የሚያድገው የልጁ ክንድ ነው። ወንድሜ ሹራቡን በኅዳር ለበሰው። እጅጌው ሁለት ጣት ያህል እንዲረዝም አድርጌ ስለ ሠራሁትና ለጊዜው ስለሚታጠፍ፣ ለሚመጣውም ዓመት ይደርስለታል። በተረፈው ክር ለእናቴ የእግር ሹራብ ሠራሁላት። ባልደረባዬ የሚሉት ሰልባጅ ተራ የልጅ ልክ ይሸጣል፤ የዚህን ልጅ ልክ፣ ከዚህ ክር፣ ማንም አይሸጥም።

አንባቢ ሆይ፤ የጀመሩት ነገር ሹራብ ላይሆን ይችላል። ጥልፍ፣ ስፌት፣ ወይም ለሩቅ ዘመድ የተጀመረ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። የተጀመረውን ሁሉ መጨረስ ግዴታ ነው አልልም። ባለቤት የሌለውን ሥራ ተርትሮ ክሩን ለሌላ ማዋል ነውር የለበትም፤ ክር ለሁለተኛም ለሦስተኛም ሥራ ይታዘዛል። ባለቤት ያለውን ግን ለይተው ያውጡት። ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ያንሡና ለማን እንደ ነበረ ያስታውሱ። ያ ሰው በሕይወት ካለ ጠርተው ልኩን እንደገና ይለኩት፤ ከዚያ በኋላ ተቀምጠው አንድ ረድፍ ይሥሩ።