የአዘና ዓሦች

በአገራችን ምሽት ላይ እሳት ዳር የሚዘወተረው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ለብቻ የማይሆን ጨዋታ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ካላለው ነገሩ አይጀመርም። መልሱ የጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ሲባል፣ ርስቱ ያልሆነውን፣ ምናልባትም ረግጦት የማያውቀውን አገር ቆርሶ ይሰጣል። ተቀባዩም አገሩ የእርሱ እንደማይሆን እያወቀ «ይኸ አይበቃኝም፣ ሌላ ጨምር» ብሎ ይሟገታል። እንግዲህ ያላዩትን ነገር በኅብረት መፍጠርና ስለ ፈጠሩትም ነገር በደንብ መከራከር ለእኛ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

በአዊ ምድር፣ በአዘና፣ ባሕር አይተው ከማያውቁ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የተጫወትነውን ጨዋታም የማየው ከዚሁ ወገን አድርጌ ነው። ጨዋታው የጥልቅ ባሕር ፍጥረታትን መፍጠርና ከትውልድ ወደ ትውልድ እየለወጡ ማኖር ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። በአንድ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንዲት «እናት» ፍጥረት ትሣላለች። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እያንዳንዱ ልጅ አንድ ለውጥ ብቻ ያደርጋል፤ ዓይን ያሳድጋል፣ ክንፍ ያሳጥራል፣ ወይም ሆድ ያሰፋል። ከዚያም ፍጥረቱ በለውጡ ምን እንዳተረፈና ምን እንደከሰረ ተናግሮ ጓደኞቹን ማሳመን አለበት። ትርፍ ብቻ ያለው ለውጥ ተቀባይነት የለውም። መኖር ያልቻለ ዘር ደግሞ አይፋቅም፤ ከሥሩ መስመር ተሰምሮበት እንደ ተሣለ ይቀራል።

ጥልቀት ምን እንደሆነ ለማስረዳት የያዝኩት ምሳሌ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የዘንገናን ሐይቅ ነው። ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ይሆናል። የውሃ ጫና በየ10 ሜትሩ በአንድ ከባቢ አየር ስለሚጨምር፣ በዘንገና ወለል ላይ ያለ ነገር በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ክብደት 16 እጥፍ ገደማ የሚሆን ውሃ ይሸከማል። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ከ1,000 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ አይደርስም፤ አብዛኛው ምግብም ከላይ የሚረግፍ ሬሳና ፍርፋሪ ነው። ጨለማ፣ ጫና፣ ረሃብ፤ የጨዋታው ሦስት ሕጎች እነዚህ ሆኑ።

መጀመሪያ የተሣሉት ፍጥረታት በእርግጥ ሁሉም ጭራቆች ነበሩ። ጭራቅ በተረት ውስጥ ሰው ይበላል እንጂ የሚበላው ባጣ ጊዜ ሲከሳ አይታይም፤ ጉድለቱም ይኸው ይመስለኛል። አንዲት ልጅ 40 ጥርስ ያለውን ፍጥረት ትክ ብላ ካየች በኋላ፣ «ይኸ ሁሉ ጥርስ እዚያ ታች ማንን ያገኛል?» ብላ ጠየቀች፤ መስመሩም ተሰመረበት። ባለቤቱ ሦስት ቀን አኩርፎ፣ በአራተኛው ቀን ጥርሱን የቀነሰና መላ አካላቱ ቀይ የሆነ ዓሣ ይዞ መጣ። ቀይ የሆነው ሌላው እርሳስ ስላለቀበት ነበር። ነገር ግን በውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው የብርሃን ዓይነት ቀዩ ስለሆነ፣ በጥልቁ ውስጥ ቀይ እንስሳ ጥቁር መስሎ ይሰወራል፤ እውነተኞቹ የጥልቅ ባሕር ፍጥረታትም ብዙዎቹ በዚሁ ቀለም ይሸሸጋሉ። ይኸን ስነግራቸው ልጁ ለካ አውቆ ያደረገው መሰለ።

ውሎ አድሮ የእናቲቱ ልጆች እየበዙ ሲሄዱ ተማሪዎቹ ማንም ሳይነግራቸው በሰባት ቤት ከፈሏቸው። ሰባት ቤት አገው እየተባለ በሚጠራ ሕዝብ መካከል የተወለደ፣ ያውም አዘና ራሷ ከሰባቱ ስሞች አንዷ መሆኗን የሰማ ልጅ፣ ዝርያን ሌላ እንዴት አድርጎ ይቆጥራል? ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ሁሉ የትኛው ቤት ከየትኛው ተለየ፣ የተለያዩትስ መልሰው ይጋባሉ ወይ የሚል ሆነ። ይኸ ደግሞ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እዚሁ ክልላችን፣ 14 ሜትር ብቻ በሚጠልቀው ጣና ውስጥ፣ ላቤዮባርበስ የተባለው የዓሣ ወገን ወደ 15 በሚጠጉ ዝርያዎች ተከፋፍሎ ይገኛል። ወገኑ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይኖራሉ።

በአንጻሩ እውነት መሆኑን ሊያምኑልኝ ያልቻሉት ነገርም ነበር። በአንዳንድ ፋኖስ አንጠልጣይ ዓሦች ዘንድ ትንሹ ወንድ በትልቋ ሴት ገላ ላይ ተጣብቆ፣ ከደሟ እየተመገበ ይኖራል። በ1925 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቴት ሬጋን ተለጣፊው ዓሣ ባሏ መሆኑን እስኪገልጽ ድረስ ሊቃውንት ልጇ ይመስላቸው ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «ይኸስ ከእኛ ደብተር የተሰረቀ ነው» አለ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ከባሕር ዓሣ ይልቅ ስመ ጥር የሆነውን የአዊን ፈረስ ቢሥል ይሻለዋል ሲል ወቅሶኛል። ፈረሱን እኔም እወዳለሁ። ሆኖም የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ በባሕር እንስሳት ቅሪት የተሞላ ነው፤ ዛሬ ደጋ የምንለው ምድር በአንድ ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ልጆቹ ወደ ሰው ቤት የገቡ መስሎ አይታየኝም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእኛም ተዘጋ። ደብተሩ ግን በገበያ ቀን ከቤት ወደ ቤት መዞሩን ቀጠለ። በዚያ ጊዜ ከገቡት ለውጦች አንዱ የስድስተኛው ቤት ነው፤ ምግብ ሲጠፋ መብላት ትቶ የሚጠብቅ ፍጥረት። «ስንት ዓመት?» የሚል ተቃውሞ ከሥሩ ተጻፈ። ደብተሩ በእጄ ሲገባ፣ ጃፓን ውስጥ በቶባ ከተማ ለሕዝብ ይታይ የነበረ ግዙፍ የጥልቅ ባሕር እንስሳ ከ2009 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. አምስት ዓመት ሙሉ ምግብ ሳይቀምስ መኖሩን ጻፍኩላቸው። ትርፉ በዚህ ተረጋገጠ። ኪሣራውስ ምንድን ነው? በሚቀጥለው ገበያ ደብተሩ ሲመለስ ፈጣሪዋ በእርሳስ አንድ ቃል ብቻ ጽፋ ነበር፤ «አያድግም።» ሌሎቹ ያለ ክርክር ፈርመውበታል።

የሚቀጥለው ተራ ከቤተሰቡ ጋር አካባቢውን ለቆ የሄደ አንድ ልጅ ተራ ነው። ገጹ እስካሁን ባዶ ነው፤ ተማሪዎቹ ተራውን ለሌላ አልሰጡም።