ይህም ይሣል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህችን አባባል እንደ ጸሎት ስደግማት ኖሬያለሁ። በሥዕል ያለውስ? ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች እየሣሉ ፊደል ላልቆጠረው ሲተርኩ ኖረዋል። ችግሩ፣ በዚያ ሥዕል ውስጥ ንግሥትና ንጉሥ እንጂ የጎረቤታችን እናት የሉም። የእሳቸውን ታሪክ ማን ይሣልላቸው?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ። በዚያው ዓመት፣ ከተዛወሩት ልጆች ጥቂቶቹ በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ወጣት ሠዓሊዎች ከተማሪዎች ጋር የአጥሩን ግንብ ሊሥሉ መሆኑን ሰማሁ። ርዕሱ «የመጣንበት ሰፈር» ነው። ወዳጄ ጋበዘኝና ሄድኩ።

ልብ በሉልኝ፤ ሠዓሊዎቹ ልጆቹን ቀለም አላስነኳቸውም። ደብተር አስይዘው «አያቶቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ» ብለው ሰደዷቸው። ልጆቹም ጠይቀው መጡ። አንዱ የዕድሩን ጡሩምባ፣ ሌላው የወፍጮ ቤቱን ወረፋ ይዞ መጣ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የመጣ መሆኑንም ደርሰውበታል። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ማንም አልተከራከረበትም።

ክርክሩ የመጣው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሣለችው ንድፍ ነው። አሥራ አንድ አባወራ የሚጋራው ሽንት ቤት፣ በሩ ላይ ደግሞ በማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጣሳ ይዘው የተሰለፉ ጎረቤቶች።

«ይቺ እንኳ ትቅር» አሉ አንድ መምህር። «ገመናችንን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ እንዴ? የሰው መሳቂያ እንሁን?»

«አያቴ ናት የነገረችኝ» አለች ልጅቷ። «ውሸት ነው?»

መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ለሰፈሩ ክብር ያሰቡ መስሏቸው ነው። ሠዓሊው ግን ለማንም አልፈረደም። «አያትሽን ይዘሻቸው ነይ» አላት።

እማማ መጡ። ንድፉን ትክ ብለው አዩትና ሳቁ። «ይህቺ እኔ ነኝ፤ ጣሳዬን እንኳ አልረሳችም» አሉ። ከዚያ ግን ሳቁ ቀረ። «ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ጦሙን እንዳደረ የምንሰማው እዚህ ሰልፍ ላይ ነበር። አሁን ሽንት ቤቱ እቤቴ ውስጥ ነው፤ እግዜር ይመስገን፣ የድሮው ይመለስልኝ አልልም። የጎረቤቴን ስም ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ልጄ፣ ይህንንም ጨምሩበት።»

መቼም ስለፈረሱ ሰፈሮች ስናወራ ከሁለት አንዱን ነን። አንዳንዶቻችን ፍቅር ብቻ የነበረበት ገነት እናደርጋቸዋለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ቆሻሻ ብቻ። እማማ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ልጆቹ ባይጠይቋቸው ኖሮ ግንቡ ላይ የሚቀረው ጀበና፣ ሲኒና አበባ ነበር።

ይህ በሌላም አገር ታይቷል። በሎስ አንጀለስ ጁዲ ባካ የተባለች ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1983 ከ400 በላይ ወጣቶችን አሰልፋ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ግድግዳ ላይ 840 ሜትር ያህል የሚረዝም የካሊፎርኒያን ታሪክ ሣለች። በዚያ ሥዕል ውስጥ አውራ ጎዳና ለሁለት የከፈላቸው የሜክሲኮ አሜሪካውያን ሰፈሮች አሉ፤ በጦርነቱ ዘመን ያለ ጥፋታቸው ተይዘው ካምፕ የገቡት ጃፓን አሜሪካውያንም አሉ። ወጣቶቹ የሚያኮራውን ብቻ መርጠው ቢሥሉ ኖሮ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ግን ታሪኩ ጎደሎ ይሆን ነበር።

የእኛዎቹ ሠዓሊዎች ሙያ እኔን የገረመኝ እጃቸውን በመሰብሰባቸው ነው። ሰልፉን ራሳቸው ቢሥሉት ያምር ነበር። ልጅቷ የሣለችው ጣሳ ተንጋዷል፤ የአንዱ ሰውዬ እጅም ከእግሩ ይረዝማል። አላረሙትም። ብሩሹን ለልጅ ሰጥቶ ዳር መቆም፣ አስተምሬ እንደማውቀው፣ ከመሣል ይከብዳል።

ያ ግንብ በፀሐይና በዝናብ መደብዘዙ አይቀርም። አያቷን ቁጭ አድርጋ የጠየቀች ልጅ ግን የሰማችው አብሯት ያድጋል። አጥር ያለው ትምህርት ቤት ሞልቷል፤ ቀለሙም ቢሆን ተለምኖ ይገኛል። የማይገኘው ነጋሪው ነው። ሳይሰናበቱን እንጠይቃቸው፤ ሲነግሩንም «ይህ ይቅር» አንበል።