ለማን ጆሮ?

ሳሎናችን ጥግ ላይ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሁለት ስፒከሮች ተቀምጠዋል። አባባ በወንደላጤነታቸው የገዟቸው ናቸው። የፊታቸው ጨርቅ ሳስቷል፤ የአንደኛው አናት ላይ የቡና ሲኒ ያተመው ክብ ምልክት አለ። አብሯቸው የነበረው አምፕሊፋየር ግን ከሞተ ቆየ። ሁለት ጠጋኞች አይተውታል። አንደኛው «ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል» አለ፤ ሁለተኛው «ትራንስፎርመሩስ ደህና ነው» አለ፤ ሁለቱም ሒሳባቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ስፒከሮቹ የአበባ ማስቀመጫ ሆኑ፤ አባባም ሙዚቃ መስማት ተዉ። ሌላም ነገር እየተዉ ነበር፤ ስልክ ማንሳት፣ ሬዲዮ መክፈት፣ ከጎረቤት ጋር ደጅ ላይ ቆሞ መጫወት። እኛ ልጆች ሁሉንም ለዕድሜ ሰጥተን ዝም አልን።

ባለፈው ክረምት ከጓንግዡ ዕቃ የሚያመላልስ የአክስቴ ልጅ መዳፍ የምታህል አምፕሊፋየር አመጣልኝ። ዋጋዋ ከአንድ ደህና ጫማ አይበልጥም። የድሮውን ለማንሳት ሁለት እጅና አንድ «ያዝልኝ!» ያስፈልግ ነበር፤ ይህችን በሁለት ጣት አንስቼ ሳያት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተታለልን መሰለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በድሮው ዓይነት አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በከፊል እንደተከፈተ የውሃ ቧንቧ ናቸው። ኤሌክትሪኩን እንደ ሙዚቃው ሁኔታ ጥቂት ያሳልፋሉ፣ ጥቂት ያግዳሉ፤ የታገደው ሙቀት ይሆናል። ያ ሁሉ ሙቀት ማብረጃ ብረትና ያ ሁሉ ክብደት የመጣው ከዚህ ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ግን ግማሽ መክፈት አያውቅም፤ ወይ ወለል፣ ወይ ጥርቅም። ይህንንም በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ያደርገዋል። ክፍት ሆኖ የሚቆይባት ቅጽበት በረዘመችና ባጠረች ቁጥር የድምፁን ቅርጽ ትሸከማለች፤ መጨረሻ ላይ ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ያንን ጥድፊያ አለሳልሰው ለስፒከሩ ያቀብሉታል። ከወሰደው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ለስፒከሩ ሊያደርስ ይችላል። «ዲ» ብዙዎች እንደሚሉት የ«ዲጂታል» ምሕጻር አይደለችም፤ ከኤ፣ ከቢ እና ከሲ ቀጥላ የመጣች ተራ ፊደል ናት። ሐሳቡም ቢሆን ቆይቷል። እንግሊዛዊው ክላይቭ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1964 ኤክስ-10 የተባለ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ የጊዜው ትራንዚስተሮች ግን ለዚህ ሩጫ አልደረሱም ነበር።

የእኛዋ በአሮጌ የላፕቶፕ ቻርጀር ትሠራለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመኪና ባትሪ ይበቃታል፤ እኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካርቶኗ ላይ 100 ዋት ይላል። በ19 ቮልት፣ ለስምንት ኦም ስፒከር፣ 20 ዋት ካገኘሁ አመስጋኝ ነኝ፤ ለሳሎን እሱም ይተርፋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፕሮሰሰር ናት። ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጣ፣ አስልታ፣ ከዚያ ታስጎላዋለች። በድሮዎቹ የቤዝና የትሬብል ቁልፎች ምትክ በኮምፒውተር አያይዤ «57 ሄርዝን ብቻ በ7 ዴሲቤል ቀንሺ» እላታለሁ። ለምን 57? ሳሎናችን አራት ሜትር በሦስት ነው። አራት ሜትር በሚራራቁት ግድግዳዎች መካከል 43 ሄርዝ፣ ሦስት ሜትር በሚራራቁት መካከል ደግሞ 57 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። የቤዝ ጊታሩ አንዷ ኖታ ስትጮኽ ጎረቤቷ የምትደበቀው ለዚህ ነው። የጎላውን በስሌት መቀነስ ይቻላል። የጠፋውን መመለስ ግን አይቻልም፤ ሁለት ሞገዶች እዚያ ቦታ ላይ እየተጠፋፉ ሳለ ኃይል ቢጨምሩላቸው የሚጨመረው መጠፋፋቱ ነው። ያን ጊዜ የሚሻለው ሶፋውን መግፋት ነው። እኔም ገፋሁ፤ እማዬ መለሰችው።

መለኪያ ማይክሮፎን ተውሼ፣ አባባ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ በጆሯቸው ቁመት አቁሜ፣ ሳምንት ሙሉ ስለካ ስቀንስ ከረምኩ። በኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ተራራና ገደል ሜዳ ሆነ። ከዚያ አባባን ጠራሁ፤ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከፈትኩ፤ እጄን አጣምሬ ምስጋናዬን ጠበቅሁ።

አባባ በጣታቸው የወንበሩን እጀታ እየመቱ አዳመጡ። ሲያልቅ፣ ወጡ የቀጠነባት ባለቤት እንዳይከፋት እንደሚያመሰግን እንግዳ፣ «ጥሩ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ዘፋኙ ግን ምነው ያጉተመትማል?»

ጥላሁን! ቃልን እንደ ሸንኮራ ቆርጦ የሚያወጣው ሰው! ልስቅ አልኩና ተውኩት። ጣታቸው ምቱን ሲከተል አይቻለሁ፤ አፋቸው ግን ዝም ብሎ ነበር። እኒህ ሰው ዱሮ ይህን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ይሉት ነበር።

በዕድሜ የሚደክም ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የቃል አጥንቱ ደግሞ ያለው እዚያ ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ። «አ» እና «ኦ» ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ሰውየው ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይሰማም። ሳምንት ሙሉ የለካሁት የማይክሮፎኗን ጆሮ ነበር። የእሷ ጤነኛ ነው።

ያን ምሽት፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ፣ ተቃራኒውን ሞከርኩ። ከ2,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ሁሉ በግምት ቆርጬ፣ እህቴ በስልክ የላከችልኝን የድምፅ መልእክት በስፒከሮቹ ከፈትኩ። እህቴ ከግድግዳ ጀርባ ሆነች። እሷ መሆኗን አውቃለሁ፣ መሳቋን አውቃለሁ፤ ምን እንዳሳቃት ግን ሦስት ጊዜ ደጋግሜም አልያዝኩትም። በዓመት በዓል ማዕድ ላይ አባባ ሁልጊዜ ከሌላው ሰው ጥቂት ዘግይተው እንደሚስቁ ትዝ አለኝ። ፊታችንን ዓይተው ኖሯል የሚስቁት። እኛ ደግሞ «አባባ ነገር ቶሎ አይገባቸውም» እያልን እንጫወትባቸው ነበር። ስፒከሩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

በማግስቱ በ2,000 እና በ4,000 ሄርዝ መካከል ያለውን ቀስ እያልኩ 6 ዴሲቤል ከፍ አደረግሁ፤ ቃሉን የሚሸፍነውን ወፍራም ድምፅ ቀነስኩ። ለእኔ እንደ ቆርቆሮ ነው የሚሰማኝ። አባባ ግን ዘፈኑ ሲጀምር ቀና አሉ። ጣታቸው ቆመ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሦስተኛው ላይ ድምፅ ወጣው። እማዬ ከጓዳ ሽሮ የነካ ማማሰያ እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ስፒከር ግን ሰው ተከትሎ ገበያና ለቅሶ ቤት አይሄድም። ማክሰኞ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዣለሁ። አባባ እስካሁን አልተስማሙም። «ጆሮዬ ምን ሆነና?» ይላሉ ወደ ስፒከሮቹ እየጠቆሙ፤ «ይኸው እየሰማሁ አይደል!»